ቹንቾን እና ጋንግኑንግ፦ ዝናቡ እና በረዶው

ሁለቱም ከተሞች በደቡብ ኮሪያ ጋንግወን ግዛት ውስጥ ናቸው። ቹንቾንን ብዙዎቻችን በስም እናውቃታለን፤ የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ ያለው እዚያ ነው። ጋንግኑንግ ደግሞ በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ናት። በመሃላቸው የቴቤክ ተራሮች ተዘርግተዋል። የሁለቱን ሰማይ የሚለያየው ይህ ተራራ ነው።

ቹንቾን የምትዘንበው በእኛው ክረምት ነው። «ጃንግማ» የሚሉት ዝናብ በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ ይገባል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሦስት ወር ውስጥ ነው። በጥርና በየካቲት ግን ከሳይቤሪያ የሚመጣው ነፋስ ደረቅ ነው። በረዶው ስስ ነው፤ ብርዱ ስለሚጠነክር ግን ቶሎ አይቀልጥም።

ጋንግኑንግም በክረምት ትዘንባለች፤ አስፈሪው ግን አውሎ ነፋሱ ነው። «ሩሳ» የተባለው፣ ነሐሴ 31 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ ቀን ብቻ 870.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ አወረደባት። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ከግማሽ በላይ ማለት ነው!

በረዶዋም ሌላ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ሞቅ ካለው ባሕር እርጥበት ይጠጣል፣ ተራራው ሲገታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የያዘውን ሁሉ ያራግፋል። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሜትር በላይ ተከምሮ ነበር። እርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፤ ጣሪያ ይሰብራል። የሚገርመው፣ ከሁለቱ ብርዱ የሚቀለው ጋንግኑንግ ነው።

ወፍራም በረዶ ማየት ለሚፈልግ እኔ ጋንግኑንግን እመርጥለታለሁ። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ግን ትርፍ ቀን ይያዝ።