የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፦ በተጠቃሚው መምህር ዓይን

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚሠራበትና መምህራን በአጭሩ ተሙማ ወይም ሲፒዲ የምንለው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማዕቀፍ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ዕድገት እንዲያውል ይጠይቃል። እኔ በተመካሪነትም በአማካሪ መምህርነትም ስላለፍኩበት፣ አገልግሎቱን ከሁለቱም ወገን መመዘን እችላለሁ።

ምስጋና የሚገባው አወቃቀሩ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ችግር ነው፤ መምህራኑ በየትምህርት ክፍላቸው ተቀምጠው ተማሪዎቻቸው የሚቸገሩበትን ይለያሉ፣ ያቅዳሉ፣ በክፍል ውስጥ ይሞክራሉ፣ ውጤቱንም ይገመግማሉ። አንድ የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹ ክፍልፋይ መደመር ለምን እንደከበዳቸው ከባልደረባው ጋር ከመከረ በኋላ፣ ያው ባልደረባ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን ሲከታተልና ያየውን ሳይሸፋፍን ሲነግረው የሚገኘው ጥቅም፣ በእኔ ሚዛን በክረምት አዳራሽ ሞልተው ከሚሰጡት ሥልጠናዎች ይልቃል። ለጀማሪ መምህራን የተመደበው የ2 ዓመት የሙያ ትውውቅ ደግሞ የፕሮግራሙ ምርጥ ክፍል ነው፤ ከኮሌጅ ወጥቶ በቀጥታ የተጨናነቀ ክፍል የሚረከብ ወጣት፣ ጥያቄውን ሳይሳቀቅ የሚያቀርብለት አንጋፋ መምህር ያገኛል።

ድክመቱ የሚታየው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ማህደረ ተግባር የሚባለው ሰነድ በዓመቱ ውስጥ የተሠራውን መመዝገቢያ መሆን ሲገባው፣ እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ሰኔ ሲደርስ በጥድፊያ የሚሞላ ወረቀት ሆኗል (ከአምናው የተገለበጠም አይጠፋም)፤ ተቆጣጣሪውም ይዘቱን ትቶ ውፍረቱን ያያል። ከዚህ የሚብሰው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከጀማሪ ተነሥቶ በመለስተኛ፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር አልፎ ወደ ተባባሪ መሪና መሪ መምህርነት የሚያደርሰው የደረጃ ዕድገት ደመወዝ ይጨምራል፤ ነገር ግን ደረጃው የደረሰው መምህር እንደ ቀድሞው ሙሉ ክፍለ ጊዜ እየያዘ ባልደረቦቹን እንዲያማክር ሲጠበቅበት፣ ምክሩ በሻይ ሰዓት ከሚደረግ ጭውውት አያልፍም። የሌሎችን ክፍል ገብቶ የማየት ሥልጣኑም በግልጽ ካልተሰጠው፣ ምልከታው እንደ ስለላ ይቆጠርበታል።

በጉድኝት ማዕከላት፣ ማለትም ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡባቸው ማዕከላት፣ የሚደረገው የልምድ ልውውጥ ጠቃሚ ነው፤ ከማዕከሉ ለራቁ ትምህርት ቤቶች ግን መጓጓዣ ካልተመደበ በዕቅድ ላይ ብቻ ይቀራል።

ርዕሰ መምህሩ በመስከረም የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጣ ለአማካሪውና ለተመካሪው የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ በሚያስቀምጥበት ትምህርት ቤት ለተመደበ ጀማሪ መምህር፣ ፕሮግራሙን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ድልድሉ ይህን በማያካትትበት ትምህርት ቤት የደረሰ ግን 60ውን ሰዓት ለሰነዱ ያህል እየሞላ፣ ከዚያ ውጭ በሳምንት አንድ ጊዜ ክፍሉን ገብቶ የሚያይለት አንጋፋ መምህር በራሱ ጥረት ቢፈልግ ይሻለዋል።