«በወር ይረክስልሃል» ሲሏችሁ ቆም በሉ፦ ኮን ኬን ላይ የተበላሁት 3,296 ባት

ሒሳቡን ከፊት ላስቀምጥ፣ ወሬው ይደርሳል።

በ2017 ሰኔ ላይ ታይላንድ ውስጥ ኮን ኬን በምትባል ከተማ አንድ ርካሽ ሆቴል ገባሁ። የቀን ዋጋው 390 ባት ነው። ሦስት ሌሊት አደርኩና «በወር ከያዝከው 5,500 ብቻ» ተባልኩ። 30 ሌሊት በቀን ሒሳብ 11,700 ባት ይመጣል። 5,500 ግማሹን እንኳ አይሞላም። ማን እምቢ ይላል? እኔ አላልኩም። ወሩ ሲያልቅ ከኪሴ የወጣው ሲደመር 14,996 ባት ሆነ። ላተርፍ ብዬ 3,296 ባት ከሰርኩ። ያኔ አንድ ዶላር ወደ 33 ባት ስለነበር መቶ ዶላር በሉት።

በመቶ ዶላር ቤት አይፈርስም። የሚያበሽቀኝ ማንም አለመዋሸቱ ነው። ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ ነበር። ፈርሜበታለሁ።

እዚያ የሄድኩት ለአጭር ሥልጠና ነው። አበል በእጃችን ተሰጠን፣ ማደሪያችሁን ራሳችሁ ፈልጉ ተባልን። አበል የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ከቀን አበል ላይ የተረፈች እያንዳንዷ ባት አዲስ አበባ ስትደርስ ጫማ ትሆናለች፣ የልጅ ቦርሳ ትሆናለች። ስለዚህ ስልኬ ላይ ዋጋውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩና ከላይ ያለውን ነካሁት።

ኮን ኬን ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው ኢሳን ይባላል። በአውቶቡስ ስድስት ሰባት ሰዓት፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከተማዋን ክፉ አልላትም። ለተጠበሰ ዶሮዋ ብቻ ተብሎ ደግሞ ይኬድባታል፤ ከሩዙ ጋር በእጅ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ እንደኛ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ሐይቁ ዳር ዘጠኝ ፎቅ ያለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ ጫፉ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት ይቻላል። በፈረንጅ 1964 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ከጀርባው ያለውን ሰፈር ሰዉ «ላንግ ሞ» ይለዋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ማለት ነው። ምግብ ቤት፣ ፎቶኮፒ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሞተር ሳይክል፣ እንደገና ምግብ ቤት። በመሃል በመሃሉ አራት አምስት ፎቅ ያላቸው፣ ሁሉም አንድ ሰው የሠራቸው የሚመስሉ ሕንፃዎች።

ነገሩ ያለው እነዚህ ሕንፃዎች ላይ ነው። ስልኩ «ሆቴል» ይላቸዋል እንጂ ብዙዎቹ የተማሪ ማደሪያ ናቸው። በር ላይ ያለው ሰሌዳ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ «ራይ ዋን» እና «ራይ ዱዋን»። የቀን እና የወር። ተማሪ ሲቀንስ የተረፈውን ክፍል ለእንደኔ ዓይነቱ በቀን ያከራያሉ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ደግሞ ሁሉንም በወር ማስያዝ ይፈልጋሉ። እኔ የደረስኩት ልክ በዚያ ሰሞን ነበር። በፈረንጅ 2004 በወጣው የታይላንድ የሆቴል ሕግ መሠረት፣ ከትንንሾቹ ማረፊያዎች በቀር፣ ከአንድ ወር በታች የሚያከራይ ቤት የሆቴል ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ የገባሁበት ቤት ሪሴፕሽን ላይ የንጉሡ ፎቶ ነበር፣ የሳንቲም ማሰሮ ነበር፣ የምትተኛ ድመት ነበረች። ፈቃድ የሚመስል ወረቀት አላየሁም። አይቼስ ቢሆን ምን አውቃለሁ፣ ሁሉም በታይኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አላማርርም። ለቁልፍ 500 ባት ማስያዣ ተቀበሉኝ፣ ቆይቶም መለሱልኝ። ፓስፖርቴን «እዚህ ይቆይ» ሲሉ እምቢ ብዬ ኮፒውን ሰጠሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የውጭ ሰው ሲያድር ባለቤቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ኮፒው ይበቃል። በነገራችን ላይ በጣም ርካሽ ዋጋ ካያችሁ ክፍሉ የ«ኤ» ይሁን የቬንትሌተር ጠይቁ። «ኤ» የሚሉት ኤሲውን ነው። የቬንትሌተር ክፍል ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሙቅ ውሃ የለውም። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ሻወር ችግር አይደለም። ሌሊት በቬንትሌተር መተኛት ግን ለለመደው ነው።

አራተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቷ ጠራችኝ። ተከራዮቹ «ጄ» ይሏታል፣ እትዬ እንደማለት ነው። ስድሳ የሚጠጋት፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ካልኩሌተሩ ላይ 11,700 ጻፈችና አሳየችኝ፣ አጠፋችው። 5,500 ጻፈች። አውራ ጣቷን ቀሰረች።

«አንድ ወር ብቻ ነው የምቆየው» አልኳት፣ አንድ ጣት አንስቼ።

«ማይ ፔን ራይ» አለች። ችግር የለም ማለት ነው። ታይላንድ ስትገቡ መጀመሪያ የምትለምዷት ቃል ናት።

ማስያዣ ሌላ 5,500 ጠየቀች። የቁልፉን መልሰውልኝ የለ፣ ይኼንንም ይመልሳሉ ብዬ ከፈልኩ። ከዚያ ውሉ መጣ። ሁለት ገጽ ሙሉ ታይኛ። ያነበብኩት ቁጥሮቹን ብቻ ነው፤ የሚጀምርበት 11/06/2568፣ የሚያልቅበት 10/12/2568።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። እነሱ ዓመቱን የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነው፤ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ ያኔ ገና 2017 ላይ ነበርን። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁትና ለሚስቴ ላክሁላት። «551 ዓመት ወደፊት ተጉዣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እሷም የሳቅ ምስል ደርድራ መለሰችልኝ። ሁለታችንም ዓመቱን ስናይ ወሩን አላየነውም። ከ06 እስከ 12። የስድስት ወር ውል ነው የፈረምኩት። ለተማሪ የተዘጋጀ ቅጽ ነው፣ ለእኔ ብሎ ማንም አልቀየረውም። ሰባተኛው መስመር «ከስድስት ወር በፊት የወጣ ማስያዣው አይመለስለትም» ይላል። ይኼን ያወቅኩት ስወጣ በስልኬ ስተረጉመው ነው። ካሜራውን ወረቀቱ ላይ መደቀን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያንኑ ወረቀት ለቀልድ ፎቶ አንስቼዋለሁ እኮ!

ፊርማዬ ሳይደርቅ ክፍል ተቀየርኩ። የቀን እንግዳ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚያድረው፣ የወር ተከራይ አምስተኛ። ሊፍቱ የሚቆመው አራተኛ ላይ ነው። አንሶላ የለም፣ ፎጣ የለም፣ ዋይፋይ ለብቻው ይከፈላል። ለካ «በወር» ሲባል ባዶ ክፍል ማለት ነው፤ ተማሪ አንሶላውን ከቤቱ ይዞ ይመጣላ። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ አዘነችልኝ። «ፒ፣ ፒ» እያለች ተከትላኝ መጣች፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ከቀን ክፍሎቹ አንድ ነጭ አንሶላ አዋሰችኝ። ያቺ አንሶላም ኋላ ሒሳብ ውስጥ ገባች።

የአንሶላዋ ጥፋት የእኔ ነው፣ እሱን አልክድም። ሊፍቱ ውስጥ ሁለት ፍራፍሬ ተስሎ በቀይ የተሰረዘበት ማስታወቂያ አለ። እሾሃማው ዱሪያን ነው፣ ስለ ሽታው ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ግን ቀይ ሽንኩርት መስሎኝ «ክፍል ውስጥ አታብስሉ» እያሉ ነው ብዬ አለፍኩት። ማንጎስቲን ነው ለካ። ወቅቱ ስለነበር በየመንገዱ በኪሎ ይሸጣል፣ ጣፋጭ ነው፣ እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ እልጠው ነበር። የልጣጩ ጭማቂ ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። ነጭ ጨርቅ ከነካ በምንም አይለቅም። በሎሚ አሸሁት፣ በሳሙና ፈተግሁት፣ ጭራሽ ቡናማ ሆነ። የዶሮ ዓይን የምታህል ነጠብጣብ 800 ባት አስከፈለችኝ። ሆቴሎች ለምን እንደሚከለክሉት አሁን ገብቶኛል።

ዋናው ጉድ ግን ቆጣሪው ነው። ክፍሉ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ኮሪደሩ ላይ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። መብራት በወር ኪራይ ውስጥ አይገባም፤ ይኼን ነግረውኛል። አንድ ዩኒት፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ 8 ባት ነው ብለውኛልም። የታይላንድ መብራት ኃይል ያኔ ለቤት ይሸጥ የነበረው 4 ባት ገደማ ነው። ስለዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በየሰፈሩ 7 እና 8 ማስከፈል የተለመደ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እሺ፣ ይሁን። ስወጣ ግን 312 ዩኒት አሉኝ። 2,496 ባት። ቀን ሥልጠና ላይ ነኝ፣ ኤሲውን የማበራው ለመኝታ ነው፣ እሱንም 27 ላይ አድርጌ። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የት ላይ እንዳቆመው ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ተጽፏል። ልክ ይሁን ስህተት እኔ የምከራከርበት ምን አለኝ? ስገባ ቀና ብዬ አላየሁትም። አንድ ፎቶ ብቻ ብይዝ ኖሮ ክርክሩ ሌላ ነበር።

ውሃ 200። ጽዳት 500፣ እኔ ራሴ ጠርጌ ወጥቼ። ማስያዣውን ስጠይቅ ጄ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ሰባተኛዋን መስመር በጥፍሯ አሳየችኝ። «ማይ ዳይ» አለች። አይቻልም ማለት ነው። ስገባ ማይ ፔን ራይ፣ ስወጣ ማይ ዳይ።

«አንድ ወር ብዬሽ ነበር እኮ» አልኩ በአማርኛ። ሰው ሲናደድ ቋንቋው ይመለስበታል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የምታልፉ ካላችሁ የእኔን ምክር ስሙኝ። ከሁለት ወር በታች የምትቆዩ ከሆነ የተማሪ ማደሪያ በወር አትያዙ፤ ሒሳቡ አይወጣላችሁም። ከዚያ ይልቅ በሳምንት ተደራደሩ። በቀን ዋጋው ላይ «ሰባት ቀን ስከፍል ስንት ትቀንሻለሽ» በሉ። አውቶቡስ ጣቢያው አካባቢ አብሮኝ የሠለጠነ ልጅ በዚህ ዓይነት የቀኑን ዋጋ 350 ባት አስደርጓል፤ አንሶላው ይቀየራል፣ መብራቱ ውስጡ ነው። የግድ በወር መያዝ ካለባችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ስልካችሁ ይተርጉመው፣ «1 ወር» የሚለውን በእጅ አስጽፉና ባለቤቱም ይፈርምበት። የክፍሉን አራት ግድግዳ፣ ፍራሹን፣ ቆጣሪውን ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ደረሰኝ ያለ ዝርዝር አትቀበሉ። ጭቅጭቅ ከመጣ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ። የሸማቾች ጥበቃ ቢሮው 1166 ነው። እኔ ሁለተኛውን የሰማሁት አውሮፕላን ልሳፈር ባንኮክ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የወጣሁ ቀን የሚወስደኝ መኪና ዘገየ። ዝናብ ነበር፣ የእኛን ሐምሌ የመሰለ። ሪሴፕሽኑ ጋ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ገቡ። ልጅቷ አዲስ ተማሪ ናት፣ ትራስ ታቅፋለች። ጄ ካልኩሌተሯን አወጣች፣ ፈገግ አለች፣ ውሉን አቀረበች። እናትየው ወንበር ሳበች። መነጽሯን አደረገች። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ጣቷን እያስኬደች አነበበች፣ እየመለሰች ጠየቀች። ሰባተኛዋ መስመር ላይ ስትደርስ ረጅም ወሬ ሆነ። ከዚያ ሴትየዋ ተነስታ ከልጇ ጋር ወደ ላይ ወጣች፣ ስትመለስ ስልኳን ለጄ አሳየቻት። ከተቀመጥኩበት ቀና ብዬ አየሁ። የቆጣሪው ፎቶ ነው። ጄ እስክሪብቶ አነሳችና ውሉ ላይ 8 የሚለውን ሰርዛ 7 ጻፈች።