ቃሊቲ ያለችው ጥልፍ ቤትና የማኅበራችን አርማ

ስም የላትም። በሯ ላይ በቀለም «ጥልፍ እንሠራለን» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ ስትሄዱ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ናት። 40 አርማ አሠርተንባታል፣ አንዱን በ120 ብር። ሌላ ጊዜም የምንሄደው እዚያው ነው።

ለምን ጥልፍ እንዳሠራን ልንገራችሁ። የምሠራው ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ እሽግ ክፍል ነው። ሠራተኛ ማኅበራችን እንደተመዘገበ ደረት ላይ የሚሰካ የብረት ባጅ ነበር ያሠራነው። የጥራት ኃላፊዋ «ቢወድቅ ብስኩት ውስጥ ይገባል፣ አውልቁ» አለችን። ልክ ናት። ጆሮ ጌጥና ቀለበት እንኳን አውልቀን ነው የምንገባው። ያለ ክርክር አወለቅን።

ከዚያ ነው ጥልፍ ቤቷ ውስጥ የሚሠሩት እትዬ ጋ የሄድነው። ቱታዬን ተቀብለው ኪሱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ የመሥሪያ ቤቱ ነው። በቀጥታ እሱ ላይ አልጠልፍልሽም፣ ነገ ጣጣ ያመጣብሻል» አሉኝ። አርማውን ሌላ ጨርቅ ላይ ጠለፉት። ከዚያ ዳር ዳሩን በስስ ክር፣ በእጃቸው ሰፍተው ያዝ አደረጉት። ክሩ ሲመዘዝ ቱታው ላይ ምንም አይቀርም።

ምክራቸው ደረሰልኝ። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ «የድርጅቱን ንብረት በማበላሸት» ይላል። እኛው ክፍል ውስጥ ቱታው ላይ የአርሴናል አርማ የሰፋ ልጅ አለ፤ አንድ ቀን የተናገረው ሰው የለም። አስተዳደር ቢሮ ገብቼ ፊታቸው ክሩን መዘዝኩት። ቱታው ንጹሕ ነበር። ደብዳቤው ግን እስካሁን አልተነሳም፤ ማህደሬ ውስጥ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ማስጠንቀቂያ ሲደራረብ የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 የማኅበር አባል መሆን ወይም በሕጋዊ ሥራው መሳተፍ ለስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል። የመደራጀት መብታችን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይም አለ። አርማ ማድረግ የዚሁ መብት አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ለደኅንነት አውልቂ ካሉኝ አወልቃለሁ፣ አውልቄማለሁ። ማኅበሩን ማየት ስላልፈለጉ ብቻ ግን አላወልቅም። ሊቀመንበራችን ጉዳዩ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዲገባ ለድርድር አቅርቦታል።

ወደ ጥልፉ ልመለስ። አራት ወር ሙሉ በኦሞ አጥቤዋለሁ፣ ቀዩ ክር ቀለም አልለቀቀም። የማኅበሩ ስም ፊደሎች ግን ደቃቅ ናቸው፣ ከሁለት እርምጃ በላይ አይነበቡም። ተለቅ አድርጉልን ብላችሁ እዘዙ። ለደረሰኝም ሁለቴ ተመላልሻለሁ። የማኅበር ገንዘብ ኦዲት አለበትና ገና ስታዙ ጠይቁ። ቱታውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እትዬ ክር የሚመርጡት የጨርቁን ቀለም አይተው ነው።