ዱባይ፦ ከቪዛው ጋር “በነጻ” የሚሰጧችሁን ባንክ አካውንት ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ላላችሁ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ በቪዚት ቪዛ ለመምጣት ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁም አንብቡት። ቴሌግራም ላይ “የ2 ዓመት ፍሪ ቪዛ፣ ኢሚሬትስ አይዲ፣ ባንክ አካውንት ከነኤቲኤሙ፣ በሁለት ክፍያ” የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። እኔ 8,500 ድርሃም ከፍዬበታለሁ። የጎዳኝ ግን 8,500ው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የውበት ሳሎን ተዘጋና ቪዛዬ ተሰረዘ። ቪዛ ሲሰረዝ በማግስቱ ውጡ አይሏችሁም፤ እንደ ቪዛው ዓይነት የሚለያይ የእፎይታ ጊዜ አለ። እሱ ካለቀ ግን በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥራል። በወር 1,500 ማለት ነው። ቤድ ስፔስ (በጋራ ክፍል አንድ አልጋ ተከራይታ) ለምትኖር ሰው ይህ ከአልጋ ኪራይ ይበልጣል። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ። አብራኝ የምትኖር ልጅ “አንድ ሐበሻ አለ፣ ቅልጥፍ ያለ ነው፤ ለስንቱ አውጥቷል” አለችኝ።

ሰውዬው ናይፍ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ቀጠረኝ። ማኪያቶ ጋበዘኝ። “የኔ እህት፣ ምንም አትጨነቂ” አለ። ቪዛውን የሚያወጣው አንድ የጽዳት ድርጅት ነው፣ አንቺ ግን እዚያ አትሠሪም፣ ደስ ያለሽ ቦታ ትሠሪያለሽ። 5,000 ቅድሚያ፣ የቀረው አይዲው እጅሽ ሲገባ። ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀ። “በሐበሻ መሀል ምን ደረሰኝ አለ?” ያኔ ማኪያቶውን ትቼ መነሳት ነበረብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፍሪ ቪዛ የሚባል ነገር በኢሚሬትስ ሕግ ውስጥ የለም። አንዳንዱ አዛድ ቪዛ ይለዋል፣ ያም የለም። የሚሸጡላችሁ ተራ የሥራ ቪዛ ነው፤ የሥራ ቪዛ ደግሞ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። በአንዱ ስም ተመዝግባችሁ ሌላ ጋ ያለ ፈቃድ ከሠራችሁ ሕገወጥ ናችሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ አሠሪ ቅጣቱ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ያለምንም ጥያቄ የሚቀጥራችሁ ካፌ ቁጥጥር መጣ ሲባል ያለምንም ጥያቄ ያስወጣችኋል። ግሪን ቪዛ (ያለ አሠሪ በራስ ስም የሚወጣ መኖሪያ) እና የፍሪላንስ ፈቃድ በሕግ አሉ። እነሱ ግን የራሳቸው መስፈርት አላቸው፤ በማኪያቶ የሚሸጡ አይደሉም። ሌላ ቦታ ተጨማሪ ሥራ ለመሥራትም ከሥራ ሚኒስቴሩ የሚወጣ የፓርት ታይም ፈቃድ አለ።

ክፍያውም ራሱ ክልክል ነው። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሥራ ሕግ አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው ላይ እንዳይወስድ ይከለክላል፣ በቀጥታም ቢሆን በዘወርዋራ። የእኛው አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008 (ይኼ 2008 ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው 50 ድርሃም በቀን የሚለውን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ በዋትስአፕ አንድ ፒዲኤፍ ላከልኝ። “ቪዛሽ ወጣ፣ እንኳን ደስ አለሽ!” ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ቀሪውን ገንዘብ እንደሚከፍል አትጠይቁኝ። ያ ወረቀት የመግቢያ ፈቃድ ነው እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ከእሱ በኋላ የጤና ምርመራ አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ ከዚያ ነው መኖሪያው የሚጸድቀው። ከ2022 ጀምሮ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ቀርቷል፤ አሁን የመኖሪያ ማስረጃችሁ በ784 የሚጀምር ቁጥር ያለው ኢሚሬትስ አይዲው ነው። እኔ እድለኛ ነበርኩ፣ ወይም እድለኛ የሆንኩ መሰለኝ፤ የእኔ ሂደቱ ተጠናቅቆ አይዲው ወጣ።

ወጥመዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

“አሁን ባንክ አካውንት እንከፍትልሻለን፣ ይኼ በነጻ ነው” አለኝ። ደስ አለኝ። እዚህ አገር አካውንት መክፈት ለእኛ ቀላል አይደለም። የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ባንኮች 3,000 ድርሃም ከታች አስቀምጡ ይላሉ። እሱ ሁሉን አዘጋጅቶ ነበር። መጀመሪያ በእኔ አይዲ አዲስ ሲም አወጣን። ከዚያ ታይፒንግ ሴንተር (የመንግሥት ፎርም የሚሞሉበት ቢሮ) ገብቼ በአረብኛ የተጻፉ አራት አምስት ወረቀቶች ፈረምኩ። ምን እንደሆኑ ጠይቄ “የተለመደ ነው” ተባልኩ። ቀጥሎ በእሱ ስልክ ላይ ዩኤኢ ፓስ፣ ማንነት የሚረጋገጥበትንና ሰነድ የሚፈረምበትን የመንግሥት አፕ፣ ከፈተልኝ። ካሜራውን ፊቴ ላይ ደቅኖ “ዝም ብለሽ እዪ፣ አይንሽን ጨፈን አድርጊ” አለ። አደረግሁ። ምን ልበላችሁ፣ ፎቶ እንደምነሳ ነበር የመሰለኝ።

ካርዱ ሲመጣ ካርዱንም ሲሙንም እሱ ያዘ። “ለደመወዝ ሥርዓቱ ነው፣ ድርጅቱ ጋ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ገንዘብሽን በእጅሽ ነው የምትቀበዪ።” እውነት ነበር። የምሠራበት ካፌ በካሽ ነበር የሚከፍለኝ። ስለዚህ ረሳሁት።

አሁን አካውንቱን ለምን በነጻ እንደሚሰጡ ላስረዳችሁ። በኢሚሬትስ ከ2009 ጀምሮ የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት አለ፤ በአጭሩ ደብሊው ፒ ኤስ ይሉታል። ድርጅት በስሙ ላስመዘገባቸው ሠራተኞች በየወሩ ደመወዝ በባንክ መክፈሉን መንግሥት ያያል። ካልከፈለ ይታገዳል፣ አዲስ ቪዛ ማውጣት አይችልም። የእኔ “አሠሪ” ደግሞ እኔን አያሠራኝም፣ ስለዚህ ሊከፍለኝ አይፈልግም። ታዲያ ምን ያደርጋል? በየወሩ ደመወዝ ወደ እኔ አካውንት ይልካል፣ በእኔ ካርድ መልሶ ያወጣዋል። ያው ብር ዞሮ ዞሮ ኪሱ ይገባል። ካርዳችሁን የሚይዙት ለዚህ ነው። አካውንቱ ለእነሱ ነው የሚያስፈልገው፤ ለእናንተ ስጦታ አይደለም።

እዚህ ላይ ቢቆም እንኳ ጥፋት ነው። አልቆመም። ኮንትራቴ ላይ የተጻፈው ደመወዝ 5,500 ድርሃም ነበር። ለጽዳት ሠራተኛ! ምግብ ቤት ውስጥ የነገሩኝ ሌላ ነበርና ይህን ቁጥር ያየሁት በኋላ ነው። ለምን 5,500 ሆነ? በማዕከላዊ ባንኩ መመሪያ ክሬዲት ካርድ ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 60,000 ገቢ ያስፈልጋል፣ ማለትም በወር 5,000። የግል ብድር ደግሞ እስከ ደመወዝ 20 እጥፍ ይፈቀዳል። 5,500 በ20 ስታባዙት 110,000 ነው። ጥቂት ወር ደመወዝ በአካውንቱ ሲገባ ያየ ባንክ እኔን ጥሩ ደንበኛ አድርጎ ነው የሚያየኝ። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበት ሲም ያለው ደግሞ ደላላው ጋ ነው። ፊቴም የተቃኘው በእሱ ስልክ ላይ ነው።

ያወቅኩት አይዲው በወጣ በስምንተኛው ወር ነው። አንድ ሞል ውስጥ ስልክ በክፍያ ልወስድ ሄድኩ። ልጁ አይዲዬን አስገብቶ ትንሽ ዝም አለና “ያልተከፈለ አለብሽ” አለኝ። ተሳስተሃል አልኩት። አልተሳሳተም። የዚያኑ ቀን ማታ የሰውን ብድርና አከፋፈል በሚመዘግበው በኢቲሃድ ክሬዲት ቢሮ በኩል ሪፖርቴን ገዝቼ አየሁ። በስሜ ክሬዲት ካርድ አለ፤ ጣሪያው 15,000፣ የተወሰደው 13,600፣ ሦስት ወር ያልተከፈለ። በሌላ ባንክ ደግሞ የብድር ማመልከቻ ገብቷል። አፌን ይዤ ቀረሁ። ባንኩ ስንት ጊዜ ደውሎ ይሆናል፤ የሚጠራው ግን የእሱ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ነው።

ደላላው ስልኩን ዘጋ። የጽዳት ድርጅቱ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ነው፣ የተቀመጠበት ልጅ ስሜንም አያውቅም።

ባንክ ሄድኩ። በትሕትና አስተናገዱኝ፣ ግን መልሱ አጭር ነው፦ “ካርዱንና ስልኩን በፈቃድሽ ነው የሰጠሽው።” የሕጉም እይታ ከዚህ አይርቅም። አካውንትን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት እዚህ አገር እንደ ቀላል ነገር አይታይም፤ በአካውንታችሁ የማታውቁት ገንዘብ ካለፈ በገንዘብ ማጠብ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ዕዳው ከ10,000 ድርሃም ሲያልፍ ደግሞ አበዳሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ከአገር እንዳትወጡ ሊያሳግዳችሁ ይችላል። ሰው ይህን የሚያውቀው ኤርፖርት ላይ ነው፣ ሻንጣው ከገባ በኋላ።

ብዙዎቻችን ለምን እንደማንከስ አውቃለሁ፣ እኔም ሁለት ሳምንት ፈርቼ ነበር። “ሌላ ቦታ ያለ ፈቃድ ትሠሪ ነበር” ይሉኛል ብዬ። ብለውኛልም። እውነት ስለሆነ አልካድኩም። ደላላዎቹ የሚተማመኑት በዚህ ፍርሃት ነው፤ ግማሽ ጥፋተኛ አድርገው ያስሩሃል፣ ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ። ቢሆንም ዕዳው በስሜ እያደገ ዝም ከማለት መናገሩ ይሻለኝ ነበር። ለፖሊስ አመለከትኩ፣ ለሥራ ሚኒስቴሩም ቅሬታ አስገባሁ፣ ለባንኩም በጽሑፍ ሰጠሁ። ጉዳዩ አላለቀም። ወለዱ ግን ማጣሪያው እስኪያልቅ ቆሞልኛል፣ ለአሁኑ ያ ይበቃኛል።

ገና ላልከፈላችሁ የምለው ይህ ነው። ሰውዬው ቪዛ ሲላችሁ ኮንትራቱን አሳየኝ በሉት። የሥራ ሚኒስቴሩ የቅጥር ደብዳቤ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ በግልጽ ተጽፏል። ደመወዙ ከነገሯችሁ ጋር ካልገጠመ፣ ከፍ ቢል እንኳ፣ በተለይ ከፍ ካለ፣ ተነሱ። ያንን ኮንትራት ከወጣ በኋላም በሚኒስቴሩ አፕ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ የመኖሪያችሁ ሁኔታ ደግሞ በፌዴራሉ የማንነትና የዜግነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ፣ ቪዛው የዱባይ ከሆነ በዱባዩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ጂዲአርኤፍኤ) ድረ ገጽ ይታያል። የዋትስአፕ ፒዲኤፍ ማስረጃ አይደለም። አረብኛ ካልገባችሁ ስልካችሁ ይተረጉማል፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ “ሰው እየጠበቀ ነው” ሲሏችሁ ይጠብቅ።

ካርዳችሁና ሲማችሁ አሁን እሱ ጋ ያለ ደግሞ፣ እሱን ለምኖ ለማስመለስ ጊዜ አታጥፉ። ደውላችሁም አታስጠንቅቁት። አይዲያችሁን ይዛችሁ ቴሌኮም ቢሮ ግቡ፣ ሲሙን ቀይሩ፤ የእሱ ወዲያው ይሞታል። በስማችሁ ስንት መስመር እንዳለም እዚያው ጠይቁ፣ በእኔ ሦስት ነበር። ከዚያ ዩኤኢ ፓሱን በራሳችሁ ስልክ መልሳችሁ ክፈቱ፣ ባንኩን ካርዱን አግዱልኝ በሉ፣ የክሬዲት ሪፖርቱን አውጡ። በዚህ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ባንክ ከሄዳችሁ ኮዱ የሚላከው አሁንም ለእሱ ነው። ሞል ውስጥ ያሉት የቴሌኮም ሱቆች እስከ ማታ ክፍት ናቸው፣ ከሥራ ስትወጡ ትደርሳላችሁ።