ነፃ ፈራሚ ሲመጣ ማንን ትመርጣላችሁ? የፒኤስጂ የ2021 አራቱ ጎን ለጎን

ክረምት በመጣ ቁጥር ኮንትራቱ ያለቀ ትልቅ ስም ሲገኝ "በነፃ ነው እኮ፣ ምን ይከስራሉ" የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ በዚህ ነገር አልስማማም፣ በነፃ የሚመጣ ተጫዋች የለም። ለቀድሞ ክለቡ ያልተከፈለው ገንዘብ ለተጫዋቹ ለፊርማ፣ ለኤጀንቱ ኮሚሽን፣ ከዛ ደሞ ወደ ደሞዙ ይገባል፣ ደሞዙ ደግሞ ቢጎዳም ቤንች ላይ ቢቀመጥም በየወሩ መከፈሉ አይቀርም። ለማነፃፀር ከፓሪሱ ክለብ ከፒኤስጂ የ2021 ክረምት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፣ ዋይናልደም ከሊቨርፑል፣ ራሞስ ከሪያል ማድሪድ፣ ዶናሩማ ከሚላን፣ ሜሲ ከባርሴሎና፣ አራቱም ያለ ዝውውር ሂሳብ በአንድ ክረምት ነው የመጡት።

ራሞስ ሲፈርም 35 ዓመቱ ነበር። ማድሪድ ቤት 16 ዓመት የቆየ ካፒቴን፣ ልምድ ምናምን ተብሎ የመጣ፣ ግን ባቱን አሞት የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ህዳር መጨረሻ ላይ ከሴንት ኤቲየን ጋር ነው፣ የዛን ዓመት ባብዛኛው ታሞ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት በደንብ ተጫውቷል፣ ይሄንን መካድ አይቻልም፣ ግን የሁለት ዓመት ኮንትራት ሰጥታችሁ አንዱን ዓመት ካጣችሁት ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ዋይናልደም ይለያል። ሲመጣ 30 ዓመቱ ነበር፣ ሊቨርፑል እያለ ብዙም የማይጎዳ፣ ባርሴሎና ላይ በ2019 ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ጎል ያገባ ሰው ነው፣ ባርሳ ራሱ ሊወስደው ጫፍ ደርሶ ነበር። እሱን ያበላሸው የቦታ ጉዳይ ነው፣ አማካይ ላይ ቬራቲ አለ፣ ፓሬዴስ አለ፣ ጌይ አለ፣ ዳኒሎ አለ፣ አሰልጣኙ ፖቼቲኖ የት እንደሚያጫውተው በደንብ የታሰበበት አይመስልም ነበር። በዓመቱ ለሮማ በውሰት ተሰጠ፣ እዛ ደሞ ወዲያው ልምምድ ላይ እግሩ ተሰበረ። በነፃ ስለተገኘ ብቻ ለማያስፈልግ ቦታ ተጫዋች ማስፈረም ማለት ይሄ ነው።

ሜሲ ላይ ሰው ይጣላኛል ግን ልበለው። ሁለተኛው ዓመቱ ኳሱ በጣም ጥሩ ነበር፣ በሁለት ዓመት 75 ጨዋታ 32 ጎል፣ ሁለት የሊግ ዋንጫ፣ ማሊያው ደሞ ፓሪስ ውስጥ በሰልፍ ነው የተሸጠው። ግን ሊጉን ፒኤስጂ ያለሱም ይበላዋል፣ የመጣው ለቻምፒየንስ ሊግ ነው፣ እዛ ደሞ በ2022 በማድሪድ፣ በ2023 በባየርን ሁለቴም ከ16ቱ ዙር ወጡ። የማድሪዱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ኩርትዋ ያዳነበትን ፔናሊቲ አስታውሱ። በዛ ላይ ሜሲ፣ ኔይማርና ኤምባፔ አንድ ላይ ሲሰለፉ ኳስ ስትነጠቅ ወደ ኋላ ሮጦ የሚከላከል ሰው ይጠፋል፣ ይሄ የሜሲ ጥፋት አይደለም፣ ቡድኑን የሰራው ሰው ጥፋት ነው።

አሁን ዶናሩማ። 22 ዓመቱ፣ የዩሮው ምርጥ ተጫዋች፣ ዌምብሌይ ላይ ሁለት ፔናሊቲ አድኖ ነው የመጣው፣ ኮንትራቱም እስከ 2026። መጀመሪያ ላይ ከነባሩ በረኛ ከናቫስ ጋር በፈረቃ ነበር የሚጫወቱት፣ ለአንድ በረኛ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። መጋቢት 2022 በማድሪድ ሜዳ በርናባው ላይ በድምር ውጤት 2 ለ 0 እየመሩ ኳሷን እግሩ ላይ ሲያቆያት ቤንዜማ ደረሰበት፣ ተነጠቀች፣ ጎል ሆነች፣ ከዛ ቤንዜማ ሀትሪክ ሰርቶ ፒኤስጂ ወጣ። ያን ቀን "ሽጡት" ያላለ ሰው አልነበረም። ግን ወጣት ስለሆነ ክለቡ ጊዜ ነበረው፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋር ነው፣ ከሶስት ዓመት በኋላ በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ የኑኔዝንና የጆንስን ፔናሊቲ አዳነ፣ ከዛ ቪላን፣ አርሰናልን፣ ሙኒክ ላይ በፍፃሜው ኢንተርን 5 ለ 0 አሸንፈው ቻምፒየንስ ሊጉን በሉ። በመጨረሻም ኮንትራቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ለማንቸስተር ሲቲ ተሸጠ። ከአራቱ ያለ ዋጋ መጥተው በዋጋ የተሸጡት እሱና በ2023 ለሳውዲው አል ኢቲፋቅ የተሸጠው ዋይናልደም ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሚላን ዶናሩማን በነፃ ካጣ በኋላ በረኛውን ማይኛንን ከሊል በገንዘብ ገዛና በዛው ዓመት የሴሪኣውን ዋንጫ በላ። ስለዚህ ነፃው ሁሌ ከሚገዛው ይሻላል ማለት አይደለም፣ በተለይ የሚገዛው ልጅ ለቦታው በትክክል የታሰበ ከሆነ።

የእኔ ምርጫ ግልፅ ነው፣ በረዥም ኮንትራት መጀመሪያ ዶናሩማ። ክለቡ አዲስ ስፖንሰርና ገበያ የሚፈልግ ከሆነና ሌሎቹ አጥቂዎች የሚሮጡ ከሆኑ ብቻ ሜሲ። ራሞስን በአንድ ዓመት ኮንትራት፣ ደሞዙም ከተጫወተው ጨዋታ ጋር ታስሮ ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ አልፈርምም። ዋይናልደምን የምወስደው አሰልጣኙ ራሱ ስሙን ጠርቶ "ይሄን ልጅ እዚህ ቦታ ላይ አጫውተዋለሁ" ካለኝ ነው።