ለአውቶብስ ቤት የትኛው ቁልፍ ይሻላል?

አሮጌ አውቶብስ ገዝቶ ቡና ወይም ጭማቂ ቤት ሊያደርገው ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ወንበርና ስለ ቀለም ነው። ስለ በሩ የሚጠይቀኝ ከተሰረቀ በኋላ ነው። የእኔ አውቶብስ ጣና ዳር ከቆመ ሦስት ክረምት አለፈው። እስካሁን ሦስት ዓይነት ቁልፍ ቀይሬበታለሁ፤ አራተኛውን ጎረቤቴ ገጥሞት እያየሁት ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለወሩ አይደርስም። የትኛው ለማን እንደሚሆን ግን መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ በሩ

የአውቶብስ በር የሚሠራው በአየር ነው። ሞተሩ ሲሠራ ኮምፕረሰሩ አየር ይሞላል፤ አየሩም በሩን ገፍቶ ይይዘዋል። ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ ሲያልቅ በሩ በእጅ ይገፋል። ብዙዎቹ ላይ ከውጭ በኩል የድንገተኛ መክፈቻም አለ። ለተሳፋሪ ነፍስ ታስቦ የተሠራው ነገር፣ አውቶብሱ ሱቅ ሲሆን ለሌባ ሲሳይ ነው። በሁለቱ ክንፎች መሀል ያለው ጎማ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ እጅ ያስገባል።

ስለዚህ ከቁልፍ በፊት የአየር መክፈቻውን አስወልቁት። ሁለቱን ክንፍ በቱቦላሬ አስይዛችሁ አንድ በር አድርጓቸው፣ ወይም አዲስ በር አስበይዱ። ወደ ብየዳ ከመሄዳችሁ በፊት ማግኔት በሩ ላይ አስጠጉ። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ የሰፈር በያጅ በተራ ኤሌክትሮድ ሊበይደው ቢሞክር ቀዳዳ ነው የሚያተርፍላችሁ። እሱ በብሎን ነው የሚታሰረው።

ሌላው ጉዳይ ላሜራው ነው። የአውቶብስ ልባስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የመጀመሪያውን ቁልፌን የገጠመልኝ ልጅ በጣቱ መታ መታ አደረገውና «ጋሼ፣ ቁልፉ ምንም አይልም። ላሜራው ነው እንጀራ የሆነው» አለኝ። አልሰማሁትም። ከሁለት ወር በኋላ ቁልፉ ሳይሰበር፣ እንደተቆለፈ፣ ከነላሜራው ተገንጥሎ አገኘሁት። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ የምጽፈው ይቺን ይዤ ነው። ቁልፍ ስትመርጡ «ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ከማለት በፊት «በዚህ ስስ ብረት ላይ በምን ይያዛል?» በሉ።

ጓጉንቸር

ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ሲበላሽ በአምስት ደቂቃ ይቀየራል። የአውሮፓው መለኪያ፣ ኢኤን 12320 የሚባለው፣ ጓጉንቸርን ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 6 ጠንካራው ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ግን ምንም ደረጃ አልተጻፈበትም። ስለዚህ በዓይን ምረጡ። ቅስቱ ወፍራም፣ ትከሻው ቅስቱን የሸፈነ፣ ሰውነቱ ናስ የሆነ ይሻላል። ጣና ጨው የለውም፤ እንደ ባሕር ዳርቻ ብረት አይበላም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ለተራ ብረት ጓጉንቸር ይበቃዋል። ከላይ የጎማ ቁራጭ ሸፈን አድርጉለት።

ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ነው። ጓጉንቸር የሚቆለፈው ከውጭ ብቻ ነው። ውስጥ የሚያድር ሠራተኛ ካለ ወይ ሳይቆለፍ ያድራል፣ ወይ ከውጭ ይቆለፍበታል። ሁለተኛውን ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ውስጥ የጋዝ ሲሊንደርና የከሰል ምድጃ ነበር። አይደረግም!

ባለ ሦስት ምላስ፣ ላይ ላዩን የሚገጠም

በየግቢው የብረት በር ጀርባ የምታዩት ሳጥን ነው። ከውጭ በመክፈቻ፣ ከውስጥ በእጅ ይከፈታል። አሁን አውቶብሴ ላይ ያለው ይሄ ነው። ምርጫዬም እሱ ነው፤ ምክንያቱን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ የበሩን ውፍረት አይጠይቅም። ሳጥኑ ከበሩ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ በሩ የሚበሳው ለሲሊንደሩ፣ መክፈቻው ለሚገባበት ክብ ብረት ማለት ነው፣ እና ለብሎኖቹ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ጭነቱን ያከፋፍላል። እኔ በላሜራውና በሳጥኑ መሀል ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብረት አስገባሁ፤ ከበሩ ቁመት ግማሽ የሚያህል። ብሎኖቹ ከውጭ ድፍን ክብ ራስ ያላቸው ናቸው፤ የብሎን መፍቻ አይዛቸውም። ዳዶው ከውስጥ ነው። ራሱን በራሱ የሚበሳውን ትንሽ ብሎን እንዳትጠቀሙ። ስስ ላሜራ ላይ አንድ ጊዜ በብረት ዘንግ ከተፈነቀለ ተነቅሎ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ሲሊንደሩን ብቻ ትቀይራላችሁ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የመክፈቻ ኮፒ ለማስቀረጽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንት ኮፒ ከተማው ውስጥ እንደሚዞር ማን ያውቃል? ሲሊንደሩ ከሽፋኑ ውጭ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ግን በማስመሪያ ለኩ። ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል።

ጉድለትም አለው። ከውስጥ በእጅ መከፈቱ ለእሳት ጊዜ ነፍስ ያድናል፤ በሩ ላይ መስታወት ካለ ግን ሌባውም መስታወቱን ሰብሮ፣ እጁን አስገብቶ፣ እንደ ባለቤት ይገባል። መፍትሔው የእጅ መክፈቻውን በመክፈቻ በሚሠራ መተካት አይደለም። መስታወቱን ከውስጥ በወንፊት ብረት አስሸፍኑት።

ተቀባሪው

በበሩ ጠርዝ ውስጥ ተፈልፍሎ የሚገባው ነው። ለቤት የእንጨት በር ያማረ ነው። ለአውቶብስ በር ግን ሆድ የለም፤ ለሳጥኑ ስትፈለፍሉ ያንኑ ስስ ጠርዝ ታዳክሙታላችሁ። በሩን በአሉሚኒየም ፕሮፋይል እንደ አዲስ ካሠራችሁ ነገሩ ይለያል። ለጠባብ ፕሮፋይል የሚሠራ፣ ምላሱ እንደ መንጠቆ የሚታጠፍ ቁልፍ የአሉሚኒየም ሠራተኞች ዘንድ አለ። መንጠቆው ተቀባዩን ስለሚይዝ በሩን ከፍሬሙ ቢለዩት እንኳ እሺ አይልም። ቁመናም አለው። ለማማር የምትጨነቁ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

ባለ ኮድና ባለ አሻራ

የጎረቤቴ ነው። በአራት ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል፤ መብራት ቢጠፋም አይነካውም። መክፈቻ አይጠፋም፣ ሠራተኛ ሲለቅ ኮዱ ይቀየራል። እስከዚህ እቀናለሁ። አሻራው ግን ሎሚ የጨመቀና ብርጭቆ ያጠበ እርጥብ ጣት አይወድም። ሠራተኛው ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ጣቷን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ አያታለሁ።

ከገዛችሁ ሦስት ነገር እዩ። በተለመደው መክፈቻም የሚከፈት፣ ድንጋዩ ሲሞት ከውጭ ኃይል የሚቀበል፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ አይፒ 65 የሚል ያለው ይሁን። 6ቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ 5ቱ በግፊት የሚረጭ ውኃ እንደሚችል ነው የሚናገረው። የጣና ዳር የከሰዓት ነፋስ ሁለቱንም ያመጣል።

የማግኔት ቁልፍ፣ በኤሌክትሪክ በሩን ስቦ የሚይዘውን፣ የሚያማክራችሁ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። የተለመደው በ12 ቮልት ግማሽ አምፒር ያህል ይስባል፤ በ24 ሰዓት 12 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። ባትሪያችሁን ይጨርሰዋል። ኃይል ሲያጣ ደግሞ ይለቃል። ትልቅ አውቶብስ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሆነ ቀጥታ ካገናኛችሁት ሳይውል ሳያድር ይቃጠላል።

የመግጠሚያ ቀን

ቁልፍ ከመገጠሙ በፊት አውቶብሱ በብረት እግር ላይ ይቀመጥ። በጎማው ላይ እያለ ገጠምኩና ምን ሆነ? አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሠራተኛዬ ደወለች፤ መክፈቻው ግማሽ ይዞርና ቀጥ ይላል። ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ዘይት አደረግን፣ ገፋን፣ ትንሽም ተራገምን። ኋላ በስልክ መብራት በክፍተቱ ሳይ ምላሱ ከቀዳዳው ግርጌ ላይ ተጭኖ፣ ብረቱ ተፋፍቆ ያበራል። ዞር ስል በበሩ በኩል ያለው የፊት ጎማ ሌሊቱን ተንፍሷል። አውቶብሱ አንድ ጣት ዘንበል ሲል በሩና ፍሬሙ ተለያይተዋል። ክሪክ አስገብተን ከፍ ስናደርገው መክፈቻው በሁለት ጣት ዞረ። ያ ዘይት ደግሞ በኋላ ጣጣ አመጣ። ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆነ። አሁን እርሳስ በምላጭ ፍቄ ዱቄቱን በወረቀት ወደ ቀዳዳው እነፋለሁ።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ ውጭ ነው፤ በመዶሻ ሁለቴ ቢመታ ይወጣል። በማጠፊያው በኩል ሁለት አጫጭር ብረት በሩ ላይ አስበይዱ፤ በሩ ሲዘጋ ፍሬሙ ውስጥ የሚገቡ። ብየዳው ከቁልፉ በፊት ይለቅ፤ ሙቀቱ የውስጡን ሞላ ያበላሻል። ከመበየዱ በፊት የአውቶብሱን ባትሪም ንቀሉ።

ማታ ማታ የሚዘጋ፣ ማንም የማያድርበት፣ ዘበኛ ያለበት ቦታ ከሆነ ጥሩ ጓጉንቸር ይበቃችኋል። ሰው የሚያድርበት ወይም ቡና የሚፈላበት ከሆነ ባለ ሦስት ምላሱን ግዙ። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ የምትቀያይሩ ከሆነ ባለ ኮዱን አስቡበት፤ አሻራውን ተዉት።

ደግሞ ገንዘባችሁን ሁሉ በፊት በር ላይ አትጨርሱ። የኋላው የድንገተኛ በር አለ፣ የሾፌሩ ተንሸራታች መስኮት አለ፣ ጣሪያው ላይም መክፈቻ አለ። እኔ ጋ ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሰው ውዱን ቁልፌን አልነካውም፤ በሾፌሩ መስኮት ገብቶ በዚያው ወጣ። ስኳሩንና ጀነሬተሩን ይዞ።