ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፦ ጥሩ መድኃኒት፣ የሚቆምበት ቀን ግን ይታወቅ

ለተደጋጋሚ ቃር ሐኪም ያዘዘልኝ ኦሜፕራዞል ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ካፕሱል ነበር። ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኝ የነበረው ደረትን የሚያቃጥል ስሜት ለቆኛል፤ ስለዚህ ስለ ፈዋሽነቱ ቅሬታ የለኝም። የሚያሳስበኝ አወሳሰዳችን ነው። ብዙ ሰው ጨጓራዬ ብሎ መድኃኒት ቤት ይገባል፣ ያለ ማዘዣ ይገዛል፣ ሲያልቅም መልሶ ይገዛል። እኔም በአንድ መድኃኒት ቤት ስገዛ በማሸጊያው ላይ «ከምግብ በፊት» ተብሎ ተጽፎልኛል እንጂ እስከ መቼ እንደምወስደው የጠየቀኝ አልነበረም።

«ከምግብ በፊት» የሚለው ምክር ምክንያቱ ሲታወቅ ይበልጥ ይከበራል። ኦሜፕራዞል በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ያግዳል፤ ፓምፖቹ በብዛት ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ስንበላ በመሆኑ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። በዚህም የተነሳ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት በውኃ መዋጥ ይመረጣል። ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ማቃጠሉ በተነሳ ሰዓት አንድ ፍሬ ውጦ ወዲያው እፎይታ የሚጠብቅ ሰው አያገኝም። በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች በአሲድ እንዳይበላሹ የተሸፈኑ ናቸውና አይታኘኩም፣ አይፈጩም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ወይም ረመዳንን የሚይዝ ሰው ደግሞ የሚወስድበትን ሰዓት ከመጀመሪያ ምግቡ ጋር አዛምዶ ከሐኪሙ ጋር ቢወስን ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ራስ ምታት ተሰምቶኝ በራሱ ጠፍቷል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት፣ የሆድ መነፋትም የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ አይደሉም። ጥንቃቄ የሚሻው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚመጣው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 ከዳሌ፣ ከእጅ አንጓና ከአከርካሪ አጥንት ስብራት ጋር፣ በ2011 ከማግኒዚየም እጥረት ጋር፣ በ2012 ደግሞ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለው ባክቴሪያ ከሚመጣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ጋር በተያያዘ ስለዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አሲድ ለረጅም ዓመታት ሲቀንስ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ በሚገባ አይወሰድም። ስለ አጥንት ስብራቱ የተገኘው መረጃ ግንኙነትን እንጂ መድኃኒቱ ብቻውን መንስኤ መሆኑን የሚያረጋግጥ ስላልሆነ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም፤ ነገር ግን ለዓመታት የሚወስድ ሰው የጡንቻ መኮማተር፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ሲሰማው ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለልብ ሕመም ወይም ከስትሮክ በኋላ የሚታዘዘው ክሎፒዶግሬል ከኦሜፕራዞል ጋር ሲወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሐኪሙ በዚህ ጊዜ እንደ ፓንቶፕራዞል ያለ ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ከኤችአይቪ መድኃኒቶችም አታዛናቪርና ሪልፒቪሪን በጨጓራ አሲድ ላይ ስለሚመኩ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ኦሜፕራዞል መግዛት የለበትም።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው በሽታው ሳይመረመር ሕመሙ ብቻ እንዲደበቅ ማድረጉን ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ኤች ፓይሎሪ ካለ ኦሜፕራዞል ለብቻው አያጠፋውም፤ ከአንቲባዮቲኮች ጋር ተዳምሮ መሰጠት አለበት። ከዚያም በላይ ኦሜፕራዞል እየተወሰደ የሚደረግ የሰገራና የትንፋሽ ምርመራ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ስለሚችል፣ ሐኪም በሚሰጠው ምክር መድኃኒቱ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት መቋረጥ ይኖርበታል። ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ አዘውትሮ የሚወስድ ሰውም የጨጓራ ቁስል ካለበት መንስኤው ይኸው ዳይክሎፌናክ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው፣ እዚያ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል በማሸጊያው ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲወሰድ፣ ኮርሱም ያለ ሐኪም ምክር በ4 ወር ውስጥ እንዳይደገም ያዝዛል። የእኛም መድኃኒት ቤቶች ከ«ከምግብ በፊት» ጎን የሚቆምበትን ቀን ቢጽፉ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ለረጅም ጊዜ ቆይቶ በድንገት ሲቋረጥ ጨጓራ ለተወሰነ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ አሲድ ሊያመነጭና ቃሩ ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን በሽታው እንዳገረሸ ቆጥሮ እንደገና ይጀምራል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ እንዲቀንስለት ቢጠይቅ ይቀለዋል። ከዚህ ቀደም ቁስሉ ደምቶበት የነበረ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ አንብቦ በራሱ እንዳያቆም አደራ እላለሁ።